የቡና ፍሬና የቤት ውስጥ ቡና አፈላል

የቡና ፍሬ ኮፊያ በሚባለው የዕፅዋት ወገን ከሚመደቡ ተክሎች የሚገኝ ዘር ነው። ዘሩ በእሸቱ ውስጥ እንዳለ የምናውቀው የቡና ጣዕምም ሆነ ሽታ የለውም፤ ከሥጋው ተለይቶ፣ ደርቆ፣ ተቆልቶና ተወቅጦ በሙቅ ውሃ ሲፈላ ግን ቡና የተባለውን መጠጥ ይሰጣል።

በሲኒ ላይ የሚገኘው ጣዕም በአራት ነገሮች ይወሰናል፦ በዝርያውና በበቀለበት ቦታ፣ በአለቃቀሙና በአዘገጃጀቱ፣ በአቆላሉ እንዲሁም በአፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በገበሬውና በነጋዴው እጅ ያሉ ናቸው። የኋለኞቹ ሁለቱ ግን በኢትዮጵያ በአብዛኛው ቤት ውስጥ ይከናወናሉ። በሌላው ዓለም ብዙ ሰው ቡናን ተቆልቶ ወይም ተፈጭቶ ስለሚገዛ፣ ጥሬውን ገዝቶ በአንድ መቀመጫ ለቅሞ፣ ቆልቶ፣ ወቅጦና አፍልቶ የሚጠጣ ኅብረተሰብ ጥቂት ነው። ስለዚህ ጥሩ ፍሬ በቤት ውስጥ ሊበላሽ እንደሚችል ሁሉ፣ መካከለኛ ፍሬም በጥንቃቄ ከተያዘ ጥሩ ቡና ሊወጣው ይችላል።

ስያሜና ታሪክ

በአማርኛ «ቡና» የሚለው ቃል ተክሉንም፣ ፍሬውንም፣ መጠጡንም ያመለክታል። በዐረብኛ ፍሬው «ቡን»፣ መጠጡ ደግሞ «ቃህዋ» ይባላል። አብዛኞቹ የአውሮፓ ቋንቋዎች ለቡና የሚጠቀሙበት ቃል ከ«ቃህዋ» በቱርክኛ በኩል የተወሰደ ነው። ቃሉ ከካፋ ስም የመጣ ነው የሚለው አስተያየት በሰፊው ቢነገርም አከራካሪ ሆኖ ቆይቷል።

የአራቢካ ቡና በዱር የሚገኘው በዋናነት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ነው። በደቡብ ሱዳን የቦማ አምባና በኬንያ የማርሳቢት ተራራም የዱር ቡና ተገኝቷል። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ለተክሉ «ኮፊያ አራቢካ» የሚል ስም የሰጠው፣ አውሮፓውያን ቡናን ያወቁት በዐረብ ምድር በኩል ስለነበረ ነው። ቡና መጠጥ ሆኖ ስለመጠጣቱ አስተማማኝ የሆኑት የመጀመሪያ ማስረጃዎች የሚገኙት ከ15ኛው ክፍለ ዘመን የመን ነው። በዚያ የነበሩ ሱፊዎች ሌሊቱን በጸሎት ለመትጋት ይጠጡት ነበር።

ፍየሎቹ እሸቱን በልተው ሲፈነጥዙ አይቶ ቡናን አገኘ ስለሚባለው እረኛ የሚነገረው ታሪክ አፈ ታሪክ ነው። በአውሮፓ የታተመው በ1671 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ በነበረው ምሁር በአንቶኒዮ ፋውስቶ ናይሮኒ ጽሑፍ ነው። «ካልዲ» የሚለው ስም ግን በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የለም፤ ኋላ የተጨመረ ነው።

ዝርያዎች

በኮፊያ ወገን ውስጥ ከ120 በላይ ዝርያዎች ይታወቃሉ። በዓለም ገበያ በብዛት የሚሸጡት ግን ሁለት ብቻ ናቸው፦ አራቢካና ሮቡስታ።

አራቢካ በሞቃታማው የምድር ክፍል በከፍታ ቦታዎች፣ በአብዛኛው ከ1,000 እስከ 2,200 ሜትር ባለው ከፍታ ይበቅላል። ጣዕሙ ለስላሳ፣ ሽታው የበዛ ነው። 44 ክሮሞዞም ሲኖረው፣ የተገኘውም ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ሮቡስታና ዩጂኒዮይደስ የተባሉ ሁለት ዝርያዎች በተፈጥሮ ተዳቅለው ነው። ሌሎቹ የወገኑ ዝርያዎች 22 ክሮሞዞም ብቻ አላቸው። ሮቡስታ በቆላማና በሞቃት ቦታ የሚስማማ፣ በሽታን በተሻለ የሚቋቋምና መራራ ነው። ካፌይኑም ከአራቢካ በእጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ የአራቢካ ፍሬ ከክብደቱ 1.2 በመቶ ያህል ካፌይን ሲይዝ የሮቡስታ 2 በመቶና ከዚያም በላይ ይደርሳል።

በኢትዮጵያ የሚመረተው ቡና ከሞላ ጎደል ሁሉም አራቢካ ነው። በውስጡ ግን እጅግ ብዙ ዓይነት አለ። በየአካባቢው ገበሬው በራሱ ስም የሚጠራቸው የአገር ዘሮች ሲኖሩ፣ በምርምር የተመረጡም አሉ። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ብዙ ማሳ ባጠፋ ጊዜ፣ በጅማ የሚገኙ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን ከደን ፈልገው ማባዛት ጀመሩ። ዛሬ በተቆላ ቡና ማሸጊያ ላይ 74110 ወይም 74112 ተብሎ የሚታየው ቁጥር የእነዚህ ዘሮች መለያ ነው። መነሻው 74 ዘሩ የተሰበሰበበትን ዓመት፣ ማለትም 1974 እ.ኤ.አ.ን ያመለክታል።

በዓለም ገበያ ከፍተኛ ዋጋ ከሚያወጡት አንዱ የሆነው ጌሻም መነሻው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ያለው የጌሻ አካባቢ ነው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከዚያ የተወሰደው ዘር በምሥራቅ አፍሪካ በኩል ወደ ኮስታ ሪካ፣ ከዚያም ወደ ፓናማ ደርሶ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. በፓናማ የቡና ውድድር ካሸነፈ በኋላ ስሙ ገነነ።

እሸቱና ክፍሎቹ

የቡና ዛፍ አበባው ነጭና ሽታው ጃስሚን የሚመስል ነው። ከአበባ በኋላ እሸቱ እስኪበስል ከ7 እስከ 9 ወር ይወስዳል። የበሰለ እሸት አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ሲሆን፣ ቢጫ የሚሆኑ ዓይነቶችም አሉ። ከውጭ ወደ ውስጥ ሲታይ የሚከተሉት ክፍሎች አሉት፦

• ልጣጩና ጣፋጩ ሥጋ
• በዘሩ ላይ የሚጣበቅ፣ የሚያሟልጭና ስኳር የበዛበት ሽፋን
• ሲደርቅ እንደ ወረቀት የሚሆን ቅርፊት
• ሲቆላ እየተላጠ የሚበር ስስ የብር ቀለም ያለው ሽፋን
• ሁለቱ ዘሮች፣ ጠፍጣፋ ፊታቸውን ገጥመው የተቀመጡ

አንዳንድ ጊዜ ከሁለቱ ዘሮች አንዱ ብቻ ያድግና ክብ ፍሬ ይሆናል። ይህ የተፈጥሮ ልዩነት እንጂ ጉድለት አይደለም። ክቡ ፍሬ ከጠፍጣፋው ጋር እኩል ስለማይቆላ ግን አንዳንዶች ለይተው ይቆሉታል።

የእሸቱ መብሰል በጣዕም ላይ ትልቅ ድርሻ አለው። ስኳሩ የሚሞላው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነውና አረንጓዴ ሳለ የተለቀመ ፍሬ ምንም ያህል ጥሩ ቢቆላ ጭድ ጭድ ይላል። በከፍታ ቦታ ደግሞ ብርዱ መብሰሉን ስለሚያዘገየው ፍሬው ጠንካራና የታመቀ ይሆናል።

የአዘገጃጀት ዘዴዎች

ዘሩን ከእሸቱ ለመለየት ሁለት ዋና ዋና መንገዶች አሉ።

ደረቅ ወይም ያልታጠበ ቡና፦ እሸቱ እንዳለ በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ፣ እየተገላበጠ ለሳምንታት በፀሐይ ይደርቃል። የደረቀው እሸት ጀንፈል ይባላል። ከዚያም ተቀሽሮ ፍሬው ይወጣል። ዘሩ ከሥጋው ጋር አብሮ ስለሚደርቅ ቡናው ወፍራምና ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል ይሆናል። የሐረርና የነቀምት ቡና በዚህ መንገድ በሚዘጋጁት ይታወቃሉ።

እርጥብ ወይም የታጠበ ቡና፦ ቀይ እሸቱ በተለቀመበት ቀን በመፈልፈያ ማሽን ልጣጩና ሥጋው ይነሳል። የሚያሟልጨው ሽፋን እስኪለቅ ድረስ ፍሬው በገንዳ ውስጥ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ያህል ይብላላል፤ ከዚያም በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ይደርቃል። ጣዕሙ ጥርት ያለ፣ ቀለል ያለ ኮምጣጣነት ያለው ይሆናል። የይርጋጨፌና የሊሙ የታጠበ ቡና ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ይርጋጨፌ የአበባና የሎሚ ዓይነት ሽታ አለው ተብሎ ይገለጻል።

የአካባቢ ስም ብቻውን ጣዕምን አይወስንም። ሲዳማና ጉጂ የታጠበም ያልታጠበም ቡና ያመርታሉና፣ አንዱ ከሌላው እጅግ የተለየ ሊሆን ይችላል። ቡና ሲገዛ ከየት እንደመጣ ብቻ ሳይሆን ታጥቦ ይሁን ሳይታጠብ እንደተዘጋጀ መጠየቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ጥሬ ቡና አመራረጥ

ኢትዮጵያ ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉ በአገር ውስጥ ይጠጣል። ይሁን እንጂ ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ቡና በአገር ውስጥ እንዳይሸጥ ለረጅም ዓመታት በሕግ ተከልክሎ ስለቆየ፣ ወደ አገር ቤት ገበያ የሚገባው በአብዛኛው ከኤክስፖርት ደረጃ በታች የሆነ ወይም በማበጠሪያ ጊዜ የተለየ ቡና ነበር። ምክንያቱ የውጭ ምንዛሪ ነው። ውጤቱ ግን ቡና አብቃዩ አገር ምርጡን ሸጦ የቀረውን የሚጠጣ መሆኑ ነው። በዚህ የተነሳ በቤት ውስጥ የሚደረግ ለቀማ በጣዕምም በጤናም ረገድ ትልቅ ጥቅም አለው።

ጥሬ ቡና ሲገዛ ከሚታዩት ምልክቶች መካከል፦

• ቀለም፦ አዲስ የታጠበ ቡና ወደ ሰማያዊ ያደላ አረንጓዴ ነው። ያልታጠበው ቢጫ ወይም ቡናማ ጥላ ቢኖረው ጉድለት አይደለም። የነጣና የደበዘዘ ፍሬ ግን በብዛት የቆየ ነው።
• ሽታ፦ ጥሩ ጥሬ ቡና የድርቆሽ ወይም የእህል ዓይነት ሽታ አለው። የሻጋታ፣ የጆንያ ወይም የኬሮሲን ሽታ ሲቆላም አይጠፋም።
• መጠን፦ ተመሳሳይ መጠን ያላቸው ፍሬዎች እኩል ይቆላሉ። ትልቅነት ብቻውን የጥራት ምልክት አይደለም።
• ድርቀት፦ በደንብ የደረቀ ፍሬ ከ10 እስከ 12 በመቶ እርጥበት ይዞ ይገኛል። በጥርስ ሲነከስ ጠንከር ይላል፤ ለስላሳ ከሆነ ገና አልደረቀም።

በለቀማ ጊዜ የጠቆሩ፣ የሻገቱ፣ ተባይ የበሳቸው፣ የተሰባበሩና ጠጠር የተቀላቀለባቸው ይወገዳሉ። አንድ የበሰበሰ ፍሬ የአንድ ጀበናን ጣዕም ሊያበላሽ ይችላል። የሻገተ ፍሬ ደግሞ ኦክራቶክሲን የተባለ መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ መቁላት ይህን መርዝ ይቀንሰዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም።

አቆላል

ቡና ሲቆላ በፍሬው ውስጥ ብዙ ለውጦች በተከታታይ ይከናወናሉ።

መጀመሪያ ፍሬው እርጥበቱን ያጣል፤ አረንጓዴው ቀለም ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ ሽታውም ቆሎ ወይም ትኩስ ዳቦ ይመስላል። ቀጥሎ ስኳሮችና የፕሮቲን ክፍሎች ተዋህደው ቡናማ ቀለምንና አብዛኛውን የቡና ሽታ ይፈጥራሉ። ይህ ሂደት የማያር ግብረ መልስ ይባላል፤ የዳቦ ገጽ የሚጠቁረውም በዚሁ ነው።

ሙቀቱ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ በውስጡ የታመቀው እንፋሎትና ጋዝ ፍሬውን ይሰነጥቀዋል፤ እንደ ፈንዲሻም ይንጣጣል። ይህ የመጀመሪያው ፍንዳታ ነው። ቡናው ከዚህ ጀምሮ ለመጠጣት ደርሷል። ቁሌቱ ከቀጠለ ወደ 225 ዲግሪ ሲጠጋ ሁለተኛውና ቀጭን ድምፅ ያለው ፍንዳታ ይሰማል፤ ዘይቱም ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ፍሬው ወደ ከሰልነት ያመራል።

በመጀመሪያው ፍንዳታ ማብቂያ ላይ የወረደ ቡና ቀለሙ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ጣዕሙ ኮምጠጥና ጣፈጥ ያለ ነው። በሁለቱ ፍንዳታዎች መካከል የወረደው ሚዛናዊ ይሆናል። ከሁለተኛው ፍንዳታ ያለፈው መራራና ጭስ ጭስ የሚል ሲሆን፣ የይርጋጨፌ ይሁን የሐረር ለመለየት ያስቸግራል። አንድን ቡና ከሌላው የሚለየው ሽታ የሚጠፋው በዚህ ደረጃ ነው። በሌላ በኩል የፍሬው ጥራት ዝቅተኛ ሲሆን ጠቆር አድርጎ መቁላት ጉድለቱን ይሸፍናል። በብዙ ቤቶች ቡና እስኪጠቁር የመቁላት ልማድ ከዚህ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም።

በቤት ውስጥ ለመቁላት የሚከተሉት ነጥቦች ይጠቅማሉ፦

• ጥሬው ሳይዘፈዘፍ ቶሎ ታጥቦ ውሃው ይንጠፈጠፋል።
• ብረት ምጣዱ ቀድሞ ይግላል፤ እሳቱ መካከለኛ ይሆናል። እሳቱ ከበዛ ውጩ አርሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ ካነሰ ደግሞ ፍሬው ይደርቅና ሽታው ይደበዝዛል።
• ፍሬው ያለማቋረጥ ይማሰላል። ምጣዱ ላይ ከአንድ ወይም ከሁለት ድርብ በላይ ባይሆን ይመረጣል።
• አጠቃላይ ጊዜው በአብዛኛው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ነው።
• የሚፈለገው ቀለም ጥቂት ሲቀረው ይወርዳል፤ በራሱ ሙቀት መቆላቱን ይቀጥላልና። ወዲያው ሰፌድ ላይ ተዘርግቶ ሲበጠር ይበርዳል፤ ስሱ ሽፋንም ይበራል።
• ከተቆላ በኋላ ፈዛዛ ሆነው የቀሩ ፍሬዎች ሳይበስሉ የተለቀሙ ናቸውና ይለቀማሉ።

ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ12 እስከ 20 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ከ800 እስከ 880 ግራም የተቆላ ቡና ይወጣዋል። መጠኑ ግን ይነፋል።

አወቃቀጥና አፈጫጨት

ፍሬው የሚደቅበት ምክንያት ውሃው በውስጡ ያለውን ጣዕም እንዲያገኝ ነው። ድቃቂው ሲልም ውሃ የሚነካው ገጽ ይሰፋል፤ ጣዕሙም ቶሎ ይወጣል። ከተቆላ ቡና ክብደት ውስጥ በውሃ ሊሟሟ የሚችለው 30 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ሁሉ ቢወጣ ግን መጠጡ ይመራል፤ የቡና ባለሙያዎች ከ18 እስከ 22 በመቶ ያለውን ይመርጣሉ።

በሙቀጫና በዘነዘና የተወቀጠ ቡና ድቃቂው እኩል አይሆንም፤ ዱቄትና ሻካራው አብሮ ይገኛል። ዱቄቱ ቶሎ ይመራል፤ ሻካራው ጣዕሙን ሳይሰጥ ይቀራል። በየመሐሉ በወንፊት ነፍቶ ሻካራውን መልሶ መውቀጥ ይህን ልዩነት ያጠባል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባለ ምላጭ መፍጫም ተመሳሳይ ችግር አለበት፤ በአጫጭር ዙር እያቆሙ መፍጨትና ዕቃውን እያንቀሳቀሱ ማገላበጥ ይረዳል።

ውሃና ሙቀት

አንድ ሲኒ ቡና ከ98 በመቶ በላይ ውሃ ነው። የክሎሪን ሽታ ያለው ውሃ ቡናውንም ያሸታል፤ ክዳኑ ተከፍቶ ማሳደር ወይም ማጣራት ሽታውን ይቀንሳል።

ቡናን ለማውጣት የሚመከረው የውሃ ሙቀት ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። እዚህ ላይ የቦታ ከፍታ ልዩነት ያመጣል። ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከፍታው ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች ውሃዋ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች 96 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ «የፈላ ውሃ ቡናን ያቃጥላል፤ ትንሽ ይቀዝቅዝ» የሚለው የውጭ መጻሕፍት ምክር ለአዲስ አበባ አይሠራም፤ ውሃው ፈልቶም ከሚፈለገው ሙቀት አያልፍም። በአንጻሩ በቴል አቪቭ፣ በዱባይ ወይም በዋሽንግተን የሚኖር ሰው ያንኑ ቡና በዚያው ጀበና ሲያፈላ ውሃው 100 ዲግሪ ስለሚደርስ ቡናው ጠንከርና መረር ሊልበት ይችላል። መፍትሔው ጀበናው እንደገነፈለ ፈጥኖ ማውረድ ወይም ቡናውን ሻከር አድርጎ መፍጨት ነው።

በጀበና

በጀበና የሚፈላ ቡና ከተቀቀለ በኋላ አተላው በራሱ እንዲጠልል የሚተው ዓይነት ነው። የተለመደው አሠራር እንዲህ ነው፦

1. ውሃው በጀበናው ውስጥ ይፈላል። ለመነሻ ያህል ለግማሽ ሊትር ውሃ 30 ግራም የተወቀጠ ቡና ይበቃል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ከ5 እስከ 7 ግራም ስለሚይዝ ይህ 5 ማንኪያ ያህል ነው።
2. ቡናው ይጨመርና እሳቱ ቀንሶ ይንተከተካል። ወደ አንገቱ ሲወጣ ጥቂቱ በሲኒ ተቀድቶ ይመለሳል። አዲስ የተቆላ ቡና ቶሎ የሚገነፍለው በከፊል በቁሌት ጊዜ የታመቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣ ነው።
3. ከወረደ በኋላ ማቶቱ ላይ ዘንበል ብሎ ለጥቂት ደቂቃዎች ይቀመጣል። አተላው የሚጠልለው በዚህ ጊዜ ነው።
4. በቀጭኑ፣ ጀበናው ሳይናወጥ ይቀዳል። በየሲኒው መካከል ጀበናውን ቀጥ አድርጎ መመለስ የጠለለውን አተላ ያነሳሳል።

በዚያው አተላ ላይ ውሃ እየተጨመረ አቦል፣ ቶናና በረካ ይጠጣሉ። ካፌይንና ኮምጣጣ ንጥረ ነገሮች በውሃ ቶሎ ስለሚሟሙ አብዛኞቹ በአቦሉ ይወጣሉ። ወደ በረካው ሲደረስ መጠጡ ይቀጥናል፤ ቀስ ብሎ የሚወጣው መራራ ጣዕምም ያመዝናል። ለቶና ጥቂት አዲስ ቡና መጨመር ወይም ውሃውን መቀነስ ጣዕሙን ይመልሳል።

ሌሎች ዘዴዎች

በወረቀት ማጣሪያ፦ 15 ግራም መካከለኛ ድቃቂ ለ250 ሚሊ ሊትር ውሃ። መጀመሪያ ጥቂት ውሃ ፈስሶ ለግማሽ ደቂቃ ይጠበቃል፤ ጋዙ ሲወጣ ቡናው ይነፋል። የቀረው ውሃ ቀስ በቀስ ይጨመራል። ጠቅላላው 3 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ለዚህ ዘዴ ቡናው ከተቆላ ጥቂት ቀናት ያለፈው ቢሆን ይሻላል።

በፕሬስ፦ ሻካራ ድቃቂ በሙቅ ውሃ ለ4 ደቂቃ ተዘፍዝፎ በወንፊቱ ይጫናል።

በሞካ፦ በ1933 እ.ኤ.አ. በጣሊያን የተሠራው ይህ ዕቃ ከታች ያለውን ውሃ በእንፋሎት ግፊት በቡናው ውስጥ ያሳልፋል። ስሙ የተወሰደው ቡና ይጫንበት ከነበረው የየመን ወደብ ነው።

ጣዕምን ማስተካከል

ቡና ሳይጥም ሲቀር ምክንያቱን ለማግኘት አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ መሞከር ይገባል። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከተለወጠ ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

• የሚያኮመጥጥና ባዶ ከሆነ፦ በቂ ጣዕም አልወጣም። አልሞ መፍጨት ወይም ጊዜውን ማርዘም።
• የሚመርና አፍ የሚያደርቅ ከሆነ፦ ከልክ በላይ ወጥቷል፤ ወይም ፍሬው አርሯል። ሻከር አድርጎ መፍጨት፣ ቶሎ ማውረድ፣ ቁሌቱን መቀነስ።
• የሚቀጥን ነገር ግን የማይመር ከሆነ፦ ቡናው አንሷል።
• ሻካራ ዝቃጭ ከበዛበት፦ አልጠለለም፤ ወይም ዱቄቱ በዝቷል።

ስኳር፣ ጨው፣ ጤና አዳም ወይም ቅቤ መጨመር እንደየአካባቢው የቆየ ልማድ ነው። አዲስ ቡና ሲሞከር ግን የመጀመሪያውን ሲኒ ያለምንም ነገር መቅመስ የፍሬውን ጣዕም ለማወቅ ይረዳል።

አቀማመጥ

ቡናን የሚያበላሹት አየር፣ እርጥበት፣ ሙቀትና ብርሃን ናቸው። ጥሬ ቡና በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ለወራት ይቆያል። የተቆላ ፍሬ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ጣዕሙን ይይዛል። የተፈጨ ግን ሽታው መጥፋት የሚጀምረው በሰዓታት ውስጥ ነው። የወር ቡና በአንድ ጊዜ አስፈጭቶ ማስቀመጥ ጊዜ ቢቆጥብም ጣዕም ያስከፍላል፤ ቢያንስ ቆልቶ ሳይፈጩ ማስቀመጥ ይሻላል። ቡና የሌላ ነገር ሽታ ቶሎ ስለሚስብ ከበርበሬ፣ ከሳሙናና ከነዳጅ ይራቅ። ማቀዝቀዣ ውስጥም እርጥበትና የምግብ ሽታ ስላለ ለዕለት ቡና አይመከርም።

የዱር ቡና ይዞታ

በደን ውስጥ ያለው የቡና ዘር ለወደፊቱ እርሻ መጠባበቂያ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታን የሚቋቋሙት ዘሮች የተገኙት ከዚያው ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከዓለም የዱር ቡና ዝርያዎች 60 በመቶ ያህሉ ለመጥፋት የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል፤ የዱር አራቢካም ከእነዚህ ውስጥ ይቆጠራል። ምክንያቶቹ የደን መመንጠርና የአየር ንብረት ለውጥ ናቸው። በኢትዮጵያ የካፋና የያዩ ደኖች በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎች ሆነው ተመዝግበዋል።

ቡናና ጤና

ለጤናማ አዋቂ ሰው በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ እስከ 200 ሚሊ ግራም ካፌይን ጉዳት እንደማያስከትል የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2015 እ.ኤ.አ. አስታውቋል። ካፌይን በሰውነት ውስጥ ወደ ግማሽ ለመውረድ 5 ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ በነፍሰ ጡር ላይ ከዚህም ይረዝማል። የጠቆረ ቡና ካፌይኑ ይበዛል የሚለው እምነት ትክክል አይደለም፤ ቁሌት የካፌይኑን መጠን እምብዛም አይለውጠውም።

ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ከምግቡ የሚያገኘውን ብረት ይቀንሳል። የደም ማነስ ያለበት ሰው ቡናን ከምግብ ጋር ባይጠጣ ይመረጣል። በወረቀት ያልተጣራ የተቀቀለ ቡና ካፌስቶል የተባለ የኮሌስትሮልን መጠን ከፍ የሚያደርግ ንጥረ ነገር አለው፤ የወረቀት ማጣሪያ አብዛኛውን ያስቀረዋል። ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ ሰዎች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለከሰሉ ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዛማ ጋዝ ይወጣል። የቡናው ሽታና ዕጣኑ ቤቱን ስለሚሞሉት የጋዙን መኖር የሚያስታውቅ ነገር የለም። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ የመጀመሪያ ምልክቶቹ ናቸው። በርና መስኮት ተዘግቶ በከሰል ቡና ማፍላት፣ በተለይም ቡናው ካለቀ በኋላ ፍሙን ለሙቀት ብሎ ቤት ውስጥ አስቀምጦ መተኛት ለሞት ያደርሳል። ከሰሉ ውጭ ወይም አየር በሚገባበት ቦታ ይቀጣጠላል፤ ሲጨረስም ወደ ውጭ ይወጣል። ምልክቱ የታየበት ሰው ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ወጥቶ ሕክምና ማግኘት አለበት።